ከከብት ገበያ እስከ ሞት ፍርድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነገሌ ከተማ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አዴ ማርታ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ሰው አስፈታሽ?» ይሉኛል፤ «አዴ» በእኛ አገር ለሴት የክብር መጠሪያ ነው። ቆጥሬ አላውቅም። ተከላካይ ጠበቃ ያስፈታውን ሰው አይቆጥርም። የተፈታው ቤቱ ይገባና ይረሳሃል፤ ቢረሳህም ደግ ነው፣ ያን ዘመን ማስታወስ ምን ይጠቅመዋል? ከእኔ አእምሮ የማይወጣው ግን አንድ ሰው አለ። ጉዮ ይባላል። የእሱን ነገር ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አባቴ ነገሌ ውስጥ በሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። እኔ ደርግ በወደቀ ማግስት ፍርድ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። የፍርድ ቤቱ ሥራ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር ሁለቱንም እንደ ልቤ እጽፍ ስለነበር ተፈለግኩ፤ ለሥልጠና ላኩኝ፣ ሕግ ተማርኩ። ስመለስ ተከላካይ ጠበቃ አድርገው መደቡኝ። ማንም የማይፈልገው ወንበር ነበር። ዳኛ ይከበራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይፈራል፤ ተከላካይ ጠበቃ ግን «የነፍሰ ገዳይ አፍ» ይባላል። ደመወዙን አላነሳውም። እናቴ እንኳን ለጎረቤት ስትናገር «ማርታ ፍርድ ቤት ትሠራለች» ብላ እዚያው ላይ ታቆም ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኡመር ናቸው። የነገሌ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ወንድሞቻቸው ጨርቅ ሲሸጡ እሳቸው በደርግ ጊዜ ነገረ ፈጅ ሆነው ቀሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በእኩል ይናገሩ ነበር፤ ሲቆጡ ግን በሦስቱም ዝም ይላሉ። እስረኛ ሲያነጋግሩ መጀመሪያ ስለ ክሱ አይጠይቁም። «ከብቶችህን አሁን ማን ይጠብቃል? ሚስትህ ውኃ ከየት ነው የምትቀዳው? ዝናቡ እናንተ ጋ ደረሰ?» ይላሉ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቁነጠነጥ አንድ ቀን ከእስር ቤቱ ስንወጣ አቆሙኝ።

«ሰው ስለ ቤቱ ሲናገር አይዋሽም» አሉኝ። «ድምፁን እዚያ ልመጂው። ኋላ ስለ ክሱ ሲናገር ድምፁ ከተለወጠ ታውቂዋለሽ። ስትጽፊ ግን አትሰሚም።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሟቹ የወደቀበት ቦታ ሳይቆሙ ችሎት አይቆሙም። አንድ ጊዜ ሊበን ውስጥ አንድ ምስክር «ከደረቁ ወንዝ ማዶ ሆኜ በቀትር አየሁት፣ መልኩን ለየሁት» ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር። ጋሽ ኡመር በጭነት መኪና ወስደው፣ የቀረውን በእግር አስኬደው እዚያው ቦታ አቆሙኝና እሳቸው ማዶ ተሻገሩ። ሰዓቱ ቀትር ነው። የምድሩ ሙቀት እንደ ውኃ ይንቀለቀላል። ማዶ አንድ ረዥም ጥላ ሲወዛወዝ አያለሁ፤ ሰው ይሁን ግመል መለየት አልቻልኩም። ሲመለሱ «ምን ለበስኩ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ለካ ኮታቸውን አውልቀው ይዘውት ነበር። ያ ሰው በነጻ ተለቀቀ።

ሦስተኛው ልማዳቸው ብዙ ሰው ያስቆጣ ነበር። የሟቹ ቤት ለቅሶ ይደርሱ ነበር። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አያነሱም። ይቀመጣሉ፣ «ናጋ»፣ ሰላም ማለት ነው፣ ተባብለው ይነሳሉ። «ለገዳይ ስለቆምኩ ለሟች ሰው አይደለሁም እንዴ?» ይሉ ነበር።

አሁን ስለ ገበያው ልናገር፤ የጉዮ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በቆላው ከተሞች ኑሮ ማለት ከብት ነው። አርብቶ አደሩ ያመጣል፣ ነጋዴው ይገዛል፣ መኪና ጭኖ ወደ ደጋ ያወጣል። ጊዜ እየሄደ ድርጅቱ ሥር ሲሰድ (ያኔ ገዢውን ፓርቲ «ድርጅቱ» ነበር የምንለው) የከብት ነጋዴዎች ማኅበር የሚባል ተቋቋመ። ስሙ የነጋዴ ነው። አባል ለመሆን ግን መጀመሪያ የድርጅቱ አባል መሆን ነበረብህ። ቀስ በቀስ የማኅበሩን ይለፍ ያልያዘ ሰው ከነገሌ ገበያ ከብት መጫን ተከለከለ። አባል ያልሆነ ነጋዴ በሬውን ማኅበሩ በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል፣ አለዚያም እየነዳ ይመለሳል። ሊቀመንበሩ አቶ ጃተኒ ይባሉ ነበር። ቁመተ ረዥም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። እኔን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አንቺ ልጅ፣ አሁንም ከወንጀለኛ ጋር ነሽ?» ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዘመን ወደራ ላይ አንድ የማኅበሩ ከብት ገዢ ከአንድ አርብቶ አደር ጋር በዋጋ ተጣልቶ በሽጉጥ ገደለው። ጋሽ ኡመር ተመደቡለት። «በድንገተኛ ጠብ የተፈጸመ ተራ ግድያ ነው፣ አስቦና ተዘጋጅቶ አይደለም» ብለው ተከራከሩ። ዐቃቤ ሕጉ ብዙም አልተቃወመም። ችሎቱ ተቀበላቸው፣ ጥቂት ዓመት ተፈረደበት፣ ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው በአመክሮ ወጥቶ ወደ ማኅበሩ ሥራ ተመለሰ።

ጋሽ ኡመር ከችሎት ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «አሸነፉ እኮ» አልኳቸው።

«የተከራከርኩት እውነት ነው፣ የተፈረደውም ልክ ነው» አሉ። «ግን በጣም ቀለለኝ።»

የዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። የገባኝ በጉዮ ነው።

ጉዮ ትንሽ ነጋዴ ነበር። ከሊበን ጥቂት በሬ ይገዛል፣ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ መኪና ይጭናል። ድርጅቱ ውስጥ ግባ ሲባል «እኔ በሬ እንጂ ስብሰባ አልችልም» አለ። ቀልድ ነበር፤ ግን ተያዘበት። አንድ የገበያ ቀን በሬዎቹን እየጫነ ሳለ ዲዳ የሚባል የማኅበሩ ይለፍ ተቆጣጣሪ መጥቶ አስቆመው። ይለፍ የለህም፣ አውርድ አለው። በግድ ሲያወርዱ አንዱ በሬ ከመጫኛው መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጉዮ ጮኸ፣ ዲዳ በዱላ መታው፣ ጉዮ እጁ ላይ የመጣለትን ብረት አንስቶ አንድ ጊዜ ሰነዘረ። ዲዳ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ጉዮ አልሸሸም። በሬው አጠገብ ተቀምጦ ፖሊስ ጠበቀ።

ክሱ ሲመጣ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። ብረቱን ከቤቱ ከጋቢው ሥር ደብቆ ይዞ መጣ ይላል። አስቦ፣ ተዘጋጅቶ፣ «የሕዝቡን ልማት ለማደናቀፍ» ገደለ ይላል። ዐቃቤ ሕጉ የሞት ቅጣት ጠየቀ። ጋሽ ኡመር በዚያን ጊዜ ኩላሊታቸውን ታመው ቤት ውለዋል። መዝገቡ ለእኔ ተመራ።

እስር ቤት ሄጄ እንደተማርኩት ስለ ቤቱ ጠየቅሁት። ሚስቱ ዲራሞ ትባላለች፤ ጊደሯ ልትወልድ ነው፤ ውኃ ሩቅ ነው። ድምፁ ወፍራምና ቀርፋፋ ነበር። ከዚያ «የዚያን ቀንስ?» አልኩት። ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም።

«መታሁት፤ አልክድም» አለኝ። «ግን ከቤቴ የወጣሁት በሬ ልሸጥ ነው።»

ከእስር ቤቱ በቀጥታ ገበያው ሄጄ መጫኛው ላይ ቆምኩ። ከዚያ ብረቱን በኤግዚቢትነት ከተቀመጠበት አስወጥቼ አየሁት። የመኪና ክሪክ ማዞሪያ ነው። ግሪስ ጠጥቷል፣ መያዣው ላይ ተሰብሮ የተበየደ ቦታ አለ። ጋቢ ውስጥ የተደበቀ ቢሆን ጋቢው ግሪስ ይነካው ነበር፤ ጋቢው ደግሞ ከኤግዚቢቱ ጋር አብሮ ተቀምጧል፣ ደም አለበት እንጂ ግሪስ የለበትም። ብረቱ የወረደው ከመኪናው ነው። መኪናውን የያዘው ሾፌር ሽፈራው የሚባል ሰው እንደሆነ ጫኞቹ ነገሩኝ። «አሁን በሜጋ መስመር ነው» አሉኝ።

የዲዳም ቤት ለቅሶ ሄድኩ። ፈርቼ ነበር። እናቱ ማን እንደሆንኩ ያውቁ ነበር፤ አላባረሩኝም። ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ ክፉ አልነበረም» አሉኝ። «ይለፉን ያወጣው እሱ አይደለም።» 

ሜጋ በጭነት መኪና ጋቢና ሄድኩ። ሽፈራውን ጎሚስታ ቤት አገኘሁት፤ ጎማ እያስጠገነ ነው። የደጋ ሰው ነው፤ በአማርኛ አወራን። ስለ ብረቱ ስነግረው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«የተበየደው መያዣው ላይ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ያበየድኩት እኔ ነኝ። ከመኪናዬ መርገጫ ላይ ነበር፤ ሲያነሳው አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ና፣ ይህንኑ ለዳኞቹ ንገር። ሰው ሊገደል ነው።»

ጎማውን እያየ «እህቴ፣ ብረቱ የእኔ ነው» አለኝ። «መኪናው ግን የእኔ አይደለም። ባለቤቱ ለማኅበሩ ነው የሚጭነው። ዛሬ መስክሬ ነገ ምን ልንዳ?»

ለመንኩት። በመጨረሻ «እመጣለሁ» አለ። መጥሪያውንም ፈርሞ ተቀበለ።

በቀጠሮው ቀን ሽፈራው አልመጣም። ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አቶ ጃተኒ ከፊት ተቀምጠዋል። ሌላ ቀጠሮ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። የመሐል ዳኛው «በቂ ጊዜ ተሰጥቶሻል» አሉ። ስለ ግሪሱ ተናገርኩ፤ ጋቢውን አንስቼ አሳየሁ። ሁለት የማኅበሩ ምስክሮች ግን ብረቱን ከጋቢው ሲያወጣ አይተናል ብለዋል፤ ያ በቂ ሆነ። በመጨረሻ የወደራውን ፍርድ ጠቀስኩ። «ያ ሰው ሽጉጥ ይዞ ገበያ መጥቶ ተራ ግድያ ተባለ፤ ይህ ባዶ እጁን መጥቶ እንዴት ከባድ ግድያ ይባላል?» አልኩ። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና «ያ ሌላ መዝገብ ነው» አሉ። የጋሽ ኡመር ንግግር ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ሕጉ ሰውየው ማን እንደሆነ እያየ የሚቀልና የሚከብድ ነበር።

ሞት ተፈረደበት።

ጉዮ አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ወደ እኔ ዞረና «ለዲራሞ ማን ይነግራል?» አለኝ።

ወደ ጋሽ ኡመር ቤት ሄድኩ። አልጋ ላይ ናቸው። ሰምተዋል። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር፤ አላጽናኑኝም። «ይግባኙን ነገ ትጀምሪያለሽ» አሉ። «አሁን ዲራሞ ጋ ሂጂ።»

ሄድኩ። ጊደሯ ወልዳ ዲራሞ እያለበቻት ነበር። ቆማ ሰማችኝ። ወተቱን መሬት አስቀመጠችና «መቼ ነው የሚገድሉት?» አለች። የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም፣ ይግባኝም አለ ብዬ አስረዳኋት። «ታዲያ በየቀኑ ሊገድሉት ነዋ» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ስለ ሞት ቅጣት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ግን አልሰማሁም። እስር ቤት ውስጥ ያልተፈረመ ሞት ይዘው የሚኖሩ ሰዎችን አይቻለሁ። በሩ ሲንኳኳ ሁሉም ሰው ቀና ይላል፤ እነሱ ግን ይነሳሉ።

ይግባኙን ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጻፍኩ። ጋሽ ኡመር ከአልጋቸው ሆነው እያንዳንዱን አንቀጽ አስነበቡኝ፤ ቁጣዬ የገባበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ «ይህን አውጪው፣ ግሪሱን አስገቢው» እያሉ አስወጡት። ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ ጠየቅሁ። ሽፈራውን እንደገና እንዴት እንደማገኘው ሳስብ አንድ ጠዋት ራሱ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል።

«ከሥራ አስወጡኝ» አለኝ። «አንቺ ሜጋ ድረስ መጥተሽ እንዳነጋገርሽኝ ሰሙ። ሳልመሰክር እንደመሰከረ ቆጠሩኝ። እንግዲህ ልመስክር።»

መሰከረ። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች ፊት ብረቱ ሳይቀርብ ብየዳው የት ቦታ እንዳለ ነገራቸው። ከዚያ ብረቱ መጣ፣ አዩት። ችሎቱ የሞት ቅጣቱን ሻረ። ግን ተራ ግድያ አላለውም፤ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው። እውነቱን በከፊል ተቀበሉት። ያን ቀን ጋሽ ኡመርን «ግማሽ አሸነፍን» ስላቸው «ግማሹ ሕይወት ነው፤ አትናቂው» አሉኝ። በዚያው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ያስፈቷቸው ሰዎች አልነበሩም ማለት ይቻላል፤ የሟቾች ቤተሰቦች ግን ብዙ ነበሩ።

ዓመታት አለፉ። እኔ በያቤሎም በወደራም ተመድቤ ሠራሁ፣ ወደ ነገሌም ተመለስኩ። ከዚያ ለውጡ መጣ። ድርጅቱ ስሙን ቀየረ፣ ሰዎቹ ተቀየሩ፣ ብዙ እስረኛ በይቅርታ ወጣ፤ ጉዮም ወጣ። ጢሙ ነጭ ሆኖ ነበር። የነገሌ ገበያ ሄዶ ፍየል መሸጥ ጀመረ፤ ለበሬ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ማኅበሩ ፈረሰ፤ ደስ አለን። ብዙ ሳይቆይ ሌላ ተቋቋመ። አዲስ ስም፣ አዲስ ማኅተም፣ ያው መጫኛ፣ ያው ይለፍ። አሁን ይለፍ የተከለከሉት እነ አቶ ጃተኒ ነበሩ።

አንድ የገበያ ቀን የአቶ ጃተኒ ልጅ ቦሩ ከብት ሊጭን ሲል የአዲሱ ማኅበር ተቆጣጣሪ ከለከለው። ተሰዳደቡ፣ ተጋፉ፣ ቦሩ ከመሬት ድንጋይ አንስቶ ወረወረ፤ ወጣቱ ተቆጣጣሪ ሞተ። ሰው ፍርድ ቤቱን ከቦ «ይሰቀል!» አለ። ክሱን አነበብኩት። አስቦ፣ ተዘጋጅቶ፣ «የለውጡን ሥራ ለማደናቀፍ» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ የሞት ቅጣት ጠየቀ።

አቶ ጃተኒ ቢሮዬ መጡ። ጎንበስ ብለዋል። ይቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም።

«አዴ ማርታ» አሉኝ፤ ከዚያ በፊት ስሜን ጠርተውት አያውቁም። «የግል ጠበቃ ሁሉ ፈራ። አንቱ ብቻ ቀሩ።»

«እኔ የመንግሥት ተከላካይ ነኝ» አልኳቸው። «ቢለምኑኝም ባይለምኑኝም እቆምለታለሁ። ይቀመጡና ስለ ቤታችሁ ይንገሩኝ።»

በማግስቱ ጉዮ መጣ። ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ገባ።

«አካም፣ እንዴት ነሽ አዴ ማርታ? ለጃተኒ ልጅ ትቆሚያለሽ ይባላል።»

«አዎ።»

«ለእኔ በቆምሽበት አፍ?»

«ሌላ አፍ የለኝም ጉዮ።»

ፊቱ ተኮማተረ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። «ጃተኒ የሰው ልጅ ዕድሜ በላ» አለ። «ልጆቼ ያለ እኔ አደጉ። ይህ ሰውዬ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሞቴን ሲሰማ አይቼዋለሁ።»

«እኔም አይቻቸዋለሁ» አልኩት። «የታሰረው ግን ልጁ ነው።»

ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። ከዚያ «ድንጋዩን ከቤቱ ይዞ መጣ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ከመሬት ነው ያነሳው።»

«እንግዲያው እሱን ተናገሪ» አለና ዱላውን አንስቶ ወጣ።

ተናገርኩ። በሥራ ዘመኔ ከተናገርኩት ሁሉ የዚያን ቀኑ የተሻለ ነበር ብዬ ስናገር አላፍርም። ድንጋዩ ከዚያው ከመጫኛው ሥር ካሉት ድንጋዮች እንደሆነ ዳኞቹን ቦታው ድረስ ወስጄ አሳየኋቸው። የወደራውን ፍርድ ጠቀስኩ። የጉዮንም ጠቀስኩ። «ክቡራን ዳኞች» አልኩ፣ «በዚህ አገር የከብት ገበያ ሦስት ሰው በይለፍና በዋጋ ጠብ ሞቷል። በአንዱ ገዳይ ጥቂት ዓመት፣ በሌላው ሞት ተፈረደ፤ ለሦስተኛው ዛሬ ሞት ተጠየቀ። ጠቡ አንድ ነው። የተለያየው ያን ጊዜ ማን ሥልጣን ላይ እንደነበረ ብቻ ነው። ይህን መዝገብ ከእነዚያ ለይታችሁ አትዩብኝ።» ማንም «ያ ሌላ መዝገብ ነው» አላለኝም።

ፍርዱ ተራ ግድያ ሆነ። ቦሩ እስራት ተፈረደበት፤ የሚገባው ነበርና ይግባኝ አላልኩም። ውጭ ቆሞ ሲጮህ የነበረው ሰው እያጉረመረመ ተበተነ።

አቶ ጃተኒ ግቢው ውስጥ ጠበቁኝ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው።

«ከጉዮ ጋር ያማልዱኝ» አሉ። «ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ።»

«እኔ ጠበቃ ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም» አልኳቸው። «ጉዮ ፍየል ተራ ነው። ራስዎ ይሂዱ።»

ሄዱ። ከኋላ ሆኜ አየኋቸው፤ መኪናቸውን ትተው በእግራቸው ወደ ገበያው ወረዱ። ያን ቀን ምን እንደተባባሉ አላወቅሁም። ከሳምንት በኋላ ጉዮን አስፋልቱ ዳር አገኘሁትና ጠየቅሁት።

«መጣ» አለኝ። «ይቅር በለኝ ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። ፍየል ልግዛ አለኝ። ከዚያ ገንዘቡን ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገው።»

«አንተስ?»

«የፍየሏን ዋጋ ቆጥሬ ወሰድኩ፤ የተረፈውን መለስኩለት» አለኝ። «ገበያ ነው እኮ አዴ ማርታ። ሁሉም በዋጋው ነው። ከዚያ ፍየሏን መጎተት ሲያቅተው ገመዱን ይዤ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘሁት።»